ነገሥታቱ ዘውድ የጫኑት አክሱም ሐውልት ሥር ነው?

የጎርጎራ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአጎቴ ጋር ከፋሲካ ጀምሮ ያልተቋጨ ክርክር አለን። እሱ «አፄ ዮሐንስ 4ኛ የነገሡት ሐውልቱ ሥር ነው፤ ሐውልቶቹ የቆሙትም ለዚሁ ነው» ይላል። እኔ የመቃብር ምልክት ናቸው ተብዬ ነው የተማርኩት። ታዲያ ሰው መቃብር ላይ ይነግሣል እንዴ? ደግሞ ቤተ መንግሥታቸው ሌላ አገር የሆነ ነገሥታት ለዘውድ ብለው እዚያ ድረስ ምን አስኬዳቸው? የምታውቁ አስረዱኝ፤ አክሱምን በዓይኔ አላየሁም።

ማህደር

አጎትህ ግማሹን ልክ ናቸው። ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ነው የነገሡት፤ በጥር 1864 ዓ.ም.፣ ቀቢው አቡነ አትናቴዎስ። ቦታው ግን ጽዮን ማርያም ነው። ትልልቆቹ ሐውልቶች የቆሙት ክርስትና አገሩን ከመያዙ በፊት ወይም በዋዜማው ነው፣ በ3ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን። ሥራቸው የመቃብር ምልክት መሆን ነበር።

ጠራቢው

እኔ ተወልጄ ያደግሁት አክሱም ነው። እንጀራዬም ድንጋይ ጥርብ ነው። ስለዚህ ታሪኩን በድንጋዩ በኩል ልንገርህ።

ሐውልቶቹ ሥር ብትቆም መጀመሪያ የምታየው በር ነው። ከነቁልፉ ተቀርጿል፤ ግን የትም አያስገባም። ከሱ በላይ መስኮት በመስኮት ላይ እየተደረደረ ይሄዳል። በየፎቁ መካከል ወጣ ወጣ ያሉ ክብ ድንጋዮች አሉ፤ የዝንጀሮ ራስ እንላቸዋለን። በእውነተኛው የአክሱም ቤት ከግድግዳው የሚወጡት የእንጨት ጫፎች ናቸው። ጠራቢው እንጨቱን በድንጋይ ቀዳው ማለት ነው። የቆመው የዘመኑ ሰው ባለፎቅ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ግን ከመሬት በታች ነው። ከግርጌው በተነጠፈው ድንጋይ ላይ ጽዋ መሳይ ጎድጓዶች ተፈልፍለዋል፤ ለሙታን መሥዋዕት የሚቀርብባቸው ናቸው ይባላል። ከወደቀው ትልቁ ሐውልት አጠገብ ደግሞ መሬት ውስጥ ትገባለህ፤ መተላለፊያ አለ፣ ግራና ቀኙ ክፍል ነው። ይህን አይቶ «የዘውድ አዳራሽ» የሚል ሰው ያስቀኛል።

ያ የወደቀው 33 ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱ 520 ቶን ገደማ ይገመታል። ብዙዎቹ አጥኚዎች ሲያቆሙት ወይም ቆሞ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ ነው የሚሉት። እኔ አይገርመኝም። ከርዝመቱ አንጻር መሬት የገባው ክፍል ትንሽ ነው። ከከተማው በስተምዕራብ፣ ጎቦ ዱራ፣ ድንጋዩ የተፈነቀለበት ቦታ ላይ የሽብልቅ ቀዳዳዎቹ እስከ ዛሬ በረድፍ ይታያሉ። ከዚያ አራት ኪሎ ሜትር ያህል መጎተት ነበረበት። እንዴት ብለው? እጄን በአፌ ላይ ነው የምጭነው።

አሁን ወደ ዘውዱ። ከሐውልቶቹ መንገዱን ስትሻገር የጽዮን ማርያም ግቢ ነው። እዚያ በረድፍ የተቀመጡ ዝቅ ያሉ የድንጋይ መንበሮች አሉ። ጎብኚ ሁሉ ካሜራውን ወደ ላይ ስለሚያነጣጥር አያያቸውም። ላያቸው ላይ ቀጭን ቦይ ተጠርቧል፤ የጀርባና የጎን ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚሰካበት ነው። መደገፊያዎቹ ጠፍተው መሠረቱ ብቻ ቀርቷል። የአጎትህ ድንጋይ ይሄ ነው።

መንበሮቹም ቢሆኑ ሲጀመር ለዘውድ የተሠሩ አይመስሉም። ንጉሥ ዒዛና በጽሑፉ ላይ ጦርነት ድል አድርጎ ሲመለስ መንበር እንዳቆመ ይናገራል። ቀደም ሲል ለአማልክቱ ሰጠ፤ ከተጠመቀ በኋላ ለሰማይ አምላክ። ነገሥታቱ የተቀመጡባቸው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1436 ዘርዓ ያዕቆብ አክሱም ሲነግሥ መንገድ ላይ ወርቅ እየበተነ ገባ፤ ዜና መዋዕሉ የንጉሡን የድንጋይ መንበርና ግራና ቀኝ የ12ቱን ዳኞች መቀመጫ ይጠቅሳል።

ከሁሉ የምወደው ግን ገመዱን ነው። ሠርጸ ድንግልም ሱስንዮስም አልፈውበታል። ንጉሡ ሊገባ ሲል የጽዮን ደናግል መንገዱ ላይ ገመድ ወጥረው ይቆማሉ። «ማነህ?» ይሉታል። «የእስራኤል ንጉሥ ነኝ» ይላል። «አይደለህም፣ አታልፍም።» ሁለተኛም እንደዚያው። በሦስተኛው ሰይፉን መዝዞ «እኔ የጽዮን ንጉሥ ነኝ» ብሎ ገመዱን ይቆርጠዋል። ያኔ እልል ብለው ያሳልፉታል። ከዚያ መንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ጸጉሩ ይቆረጣል፣ ቅብዓት ይቀባል። ጦር ይዞ የመጣ ሰውዬ ሴቶች ገመድ ይዘው «አታልፍም» ሲሉት ቆሞ መልስ ይሰጣል! ድንጋዩ ላይ መቀመጡ እኮ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው።

የጎርጎራ ልጅ

እግዜር ይስጥህ! ለምን እዚያ ድረስ እንደሚሄዱ ግን አልነገርከኝም። ደግሞ ከሮም የመጣው ሐውልትስ?

ማህደር

ለምን ለሚለው እኔ ልመልስ። ታቦተ ጽዮን እዚያ እንዳለች ይታመናል፤ የሰሎሞን ዘር ነኝ ለሚል ንጉሥ ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የለም። ዮሐንስ፣ ያኔ ገና ካሣ ምርጫ ሳሉ፣ አፄ ተክለ ጊዮርጊስን በጦርነት ካሸነፉ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ጠመንጃው እንዳለ ሆኖ ጽዮን ማርያም ያለ ዘውድ አፍ ያስይዛል። ግዴታ ግን አልነበረም። ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም፣ ምኒልክ እንጦጦ ማርያም፣ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ጊዮርጊስ ነው የነገሡት።

ጠራቢው

የሮሙ 24 ሜትር ነው፤ እሱም የመቃብር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ወስዶ ሮም ላይ ተከለው። እ.ኤ.አ. በ1947 እመልሳለሁ ብሎ ፈርሞ ነበር፤ የመጣው ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን። ቆሞ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ስትመጣ መጀመሪያ እሱን ታየዋለህ፣ አልከለክልህም። ከዚያ መንገዱን ተሻገርና ወደ ታች ተመልከት። አጎትህንም ይዘሃቸው ና።