ተማሪዎች የደምን ጉዞ ይዘረዝራሉ፤ ልብ እንዴት እንደሚመታ ግን አልገባቸውም

ጠያቂ፦ የሳይንስ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ልብ አስተምራለሁ። ደም ከሰውነት ተመልሶ ወደ ቀኝ ኤትሪየም (የልብ የላይኛው ክፍል)፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ቬንትሪክል (የታችኛው ክፍል)፣ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ግራ ኤትሪየም፣ በመጨረሻም ከግራ ቬንትሪክል በአኦርታ (ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ) በኩል ወደ መላ ሰውነት እንደሚሄድ ሳይሳሳቱ ይናገራሉ። ሆኖም «ግራው ቬንትሪክል ሲኮማተር ቀኙ ምን ያደርጋል?» ብዬ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ «ተራውን ይጠብቃል» ይሉኛል። ደም ቅዳ ሁሉ ኦክስጅን የበዛበት ደም ይይዛል የሚለው ሐሳብም ከአእምሯቸው አልወጣ ብሏል። የልብ ሞዴል የለንም፤ ያለን የመጽሐፉ ሥዕል ብቻ ነው። እናንተ እንዴት ታስተምሩታላችሁ?

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር

እህቴ፣ ያነሱት ችግር ከማስተማሪያ ሥዕሉ የሚመነጭ ይመስለኛል። ሥዕሉ የሚያሳየው አንድ የደም ጠብታ የሚሄድበትን መንገድ ነው፤ ተማሪው ግን ያንኑ መንገድ እንደ ጊዜ ቅደም ተከተል ይወስደዋል። የልብ ሥራ በጊዜ የሚከፈለው ግን በቀኝና በግራ ሳይሆን በላይና በታች ነው። ልብን የሚያኮማትረው የኤሌክትሪክ ምልክት በቀኝ ኤትሪየም ግድግዳ ላይ ካለች ትንሽ የልብ ጡንቻ ክምችት ተነሥቶ በሁለቱም ኤትሪየሞች ላይ ይሰራጫል፤ በኤትሪየሞቹና በቬንትሪክሎቹ መካከል ሲደርስ የሰከንድ አንድ አስረኛ ያህል ይዘገያል፤ በዚህ ፋታ ቬንትሪክሎቹ ሞልተው ይጠብቃሉ፤ ቀጥሎም ሁለቱም በአንድነት ይኮማተራሉ።

ስለዚህ በአንድ ሥዕል ፈንታ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ይሣሉ፤ አንዱ ቬንትሪክሎቹ ሲላሉ፣ ሌላው ሲኮማተሩ ይሁን። ከዚያ ቀስቶቹንና የትኞቹ ቫልቮች (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱ በሮች) ክፍት፣ የትኞቹ ዝግ እንደሆኑ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሙሉ። በዕረፍት ላይ ያለ የአዋቂ ሰው ልብ ከእያንዳንዱ ወገን በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም እንደሚያስወጣ ይንገሯቸውና፣ ቀኙ ከግራው ጥቂት አብልጦ ቢገፋ ትርፉ ደም የት እንደሚከማች ይጠይቋቸው። ሳንባ ውስጥ ነው ብለው ራሳቸው ሲደርሱበት ሁለቱ ወገኖች እኩል መሥራት ያለባቸው ለምን እንደሆነ ይገባቸዋል።

መልስ፦ የቤተ ሙከራ ረዳት

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሥዕል ብቻውን አይበቃም። የበሬ ልብ ከተገኘ፣ ከመከፈቱ በፊት ተማሪዎቹ ሁለቱን ቬንትሪክሎች በጣታቸው ጫን ጫን ያድርጉና ግራና ቀኙን ይለዩ። ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚገፋው የግራው ግድግዳ ለሳንባ ብቻ ከሚገፋው ከቀኙ ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚወፍር በቀላሉ ይታወቃል። ቀጥሎ አኦርታው በረዘም መልኩ የተቆረጠ ከሆነ ውሃ ይጨምሩበት፤ ቫልቩ ተዘግቶ ውሃው ወደ ቬንትሪክሉ አይወርድም። ከቫልቩ ከፍ ብለው የሚታዩት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች የኮሮናሪ ደም ቅዳዎች መነሻ ናቸው። ልብ ዘወትር በደም ተሞልታ ሳለች የራሷን ጡንቻ የሚመግቡ የተለዩ ደም ስሮች እንደሚያስፈልጓት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ደም ቅዳን በተመለከተ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለሙን ለጥቂት ጊዜ ይተዉት። ከልብ የሚወጣ ሁሉ ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለስ ሁሉ ደም መልስ መሆኑን መጀመሪያ በቀስት ብቻ ያስተምሩ። ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ኦክስጅኑ ያነሰ ደም መያዙ ያን ጊዜ የሚያደናግር ነገር አይሆንም። ቀለሙን ሲመልሱ ደግሞ ኦክስጅኑ ያነሰ ደም ጠቆር ያለ ቀይ እንጂ ሰማያዊ አለመሆኑን ይጨምሩላቸው።

መልስ፦ የሒሳብና የሳይንስ መምህር

እኔ የምጀምረው ከሒሳብ ነው። 70 ሚሊ ሊትር በደቂቃ 70 ምት ቢባዛ በደቂቃ 4.9 ሊትር፣ በሰዓት 294 ሊትር ይሆናል። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ደም ግን በጠቅላላው 5 ሊትር ገደማ ነው። «ታዲያ ይህ ሁሉ ደም ከየት ይመጣል?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው ሥራው ደም እንደሚዘዋወር ካስረዳባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ስሌት ነበር፤ ምንም እንኳ እሱ የገመተው መጠን ከዛሬው ልኬት ያነሰ ቢሆን፣ ያን ያህል ደም ከሚበላ ምግብ በየሰዓቱ ሊፈጠር እንደማይችል ለማሳየት በቂ ነበር። ደም ቅዳንና ደም መልስን የሚያገናኙትን ቀጫጭን ስሮች ግን ሃርቬይ አላያቸውም፤ ጣሊያናዊው ሐኪም ማርቼሎ ማልፒጊ እ.ኤ.አ. በ1661 በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ በማይክሮስኮፕ አያቸው። ተማሪ ይህን ሲሰማ፣ ሳይታይ በአመክንዮ የተደረሰበት ነገር በኋላ በዓይን ሊረጋገጥ እንደሚችል ይረዳል፤ ለዚህም አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው አይበዛበትም።

ጠያቂ፦ የሳይንስ መምህርት

ከልብ አመሰግናለሁ። በስሌቱ እጀምራለሁ፤ ወደ ሁለቱ ሥዕሎች የምሄደው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ የልብን ሁለት ድምፆች የት ላስገባቸው?

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህር

በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያስገቧቸው። የመጀመሪያው ድምፅ የሚሰማው ቬንትሪክሎቹ መኮማተር ሲጀምሩ በኤትሪየሞቹና በእነሱ መካከል ያሉት ቫልቮች ሲዘጉ ነው፤ ሁለተኛው ቬንትሪክሎቹ መላላት ሲጀምሩ የአኦርታውና ወደ ሳንባ የሚወስደው ደም ቅዳ ቫልቮች ሲዘጉ ይሰማል። ተማሪዎቹ የጓደኛቸውን ልብ እያዳመጡ በየድምፁ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው በጣታቸው ይሸጋገሩ።