ሴንሰሬ ሜርኩሪ ያልጨመርኩበትን ውሃ ሮዝ አደረገው፣ ምን ይሻላል?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጎንደር ሁለተኛ ዲግሪዬን በኬሚስትሪ እየሠራሁ ነው። ርዕሴ ሜርኩሪን በቀለም ለውጥና በፍሎረሰንስ (ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ በማብራት) የሚለይ ሴንሰር ነው፣ መነሻው ሮዳሚን ቢ የሚባል ማቅለሚያ። በኢታኖልና በዲስትልድ ውሃ ቅልቅል ውስጥ በጣም ያምራል፤ ቀለም አልባ የነበረው የሜርኩሪ ጠብታ ሲነካው ሮዝ ይሆናል፣ ዩቪ መብራት ሥር ደግሞ ብርቱካናማ ያበራል። የአንገረብ ግድብ ውሃ ላይ ግን ምንም ሳልጨምርበት ገና ሴንሰሩ ሲገባ ሮዝ አለብኝ። የከተማው ሰው የሚጠጣው ውሃ ነውና እውነት ሜርኩሪ ኖሮበት ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ሳምፕሉ እንዳይበላሽ ናይትሪክ አሲድ ተደርጎበት ፍሪጅ ነው የቆየው። የምታውቁ እባካችሁ።

አዘዞ፦
እህቴ፣ አሲዱ ነው። ሴንሰርሽ ውስጥ ያለው ስፓይሮላክታም የሚሉት ቀለበት እስከተዘጋ ድረስ ቀለምም ብርሃንም የለውም። ሜርኩሪ ሲይዘው ይከፈትና ሮዙ ይመጣል። ፕሮቶንም (የአሲዱ ሃይድሮጂን አዮን) ግን እንደዚያው ይከፍተዋል። ለሜታል ምርመራ የሚቀመጥ ውሃ ፒኤቹ ከ2 በታች እንዲወርድ ነው አሲድ የሚደረግበት፣ እዚያ ውስጥ የገባ ሮዳሚን ሮዝ ባይሆን ነበር የሚገርመኝ። አሲድ ያልነካው አዲስ ውሃ ቅጂ፣ ፒኤች 7 በፈር (ፒኤቹን እንዳይለዋወጥ የሚይዝ ሶሉሽን) አድርጊበትና ድገሚው። የድሮውን የግድ የምትጠቀሚ ከሆነ ብላንክሽም (ሜርኩሪ የሌለበት ማነጻጸሪያሽ) ያንኑ ያህል አሲድ ይኑረው፤ ዲስትልድ ውሃ ብቻውን ብላንክ አይሆንሽም። መዳብንም አትርሺ፣ እሱም ቀለበቱን ሊከፍተው ይችላል። የሮዳሚን ቢ ሃይድራዛይድ በ1997 ሲታተም ለመዳብ ነበር የተሠራው።

ውሃ ላብ፦
አዘዞ ልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሮዙ ከጠፋ በኋላ ያለው ነው። «ቀለም አልመጣም፣ ስለዚህ ውሃው ንጹሕ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን 6 ማይክሮግራም በሊትር ነው፣ ወደ 30 ናኖሞላር ገደማ ማለት ነው። ዲቴክሽን ሊሚትሽ (ሴንሰርሽ ሊለየው የሚችለው ትንሹ መጠን) ስንት ነው? 1 ማይክሮሞላር እንደ ጥሩ ውጤት ሲጻፍ አያለሁ፣ ያ ግን በሜርኩሪ 200 ማይክሮግራም በሊትር ነው። ከወሰኑ ከ30 እጥፍ በላይ! ሰው እየተመረዘ ሴንሰሩ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመኚ፣ ፍሎሪሜትር (የሚወጣውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ላይ 580 ናኖሜትር አካባቢ አንብቢው። ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፍ ይዞት የሚመጣው የበሰበሰ ቅጠልና አፈር ራሱ ዩቪ ሥር ሰማያዊ ያበራል፣ እሱን ከሴንሰርሽ ብርሃን ለይው። መጠኑን የምታውቂውን ሜርኩሪ በአንገረብ ውሃው ላይ ጨምሪና ስንት እጁን መልሶ እንደሚያሳይሽ እይ።

የማራኪዋ፦
ተባረኩ! በፈር ውስጥ ሳደርገው ሮዙ ወዲያው ጠፋ። አሁን ሜርኩሪ ጨምሬ ሮዝ ካለ በኋላ ኢዲቲኤ (ሜታልን አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል) ባደርግበት ወደ ቀለም አልባነቱ ይመለሳል?

አዘዞ፦
ሜርኩሪው ተጣብቆ ብቻ ከሆነ ይመለሳል። ሰልፈር ያለበት ሴንሰር ከሆነ ግን ሜርኩሪው ሰልፈሩን ነቅሎ ይወስደዋል፣ ያ አይመለስም፣ ኢዲቲኤም ምንም አያደርገውም። እንደዚያ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው ብለሽ በግልጽ ጻፊው፣ ነውር የለውም።

ውሃ ላብ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የተረፈውን የሜርኩሪ ሶሉሽን ሲንክ ላይ አትድፊው። ክዳን ባለው ጠርሙስ አጠራቅሚ፣ ላዩ ላይ ሜርኩሪ ብለሽ በትልቁ ጻፊበት፣ ለላብ ኃላፊውም ንገሪው።