ክርክር፦ የቻይና የሳል መድኃኒት «የዘመናት ልምድ አለው» ተብሎ ይሸጥ?

አወያይ፦ ለደረቅ ሳልና ለሳንባ የሚሸጡ የቻይና ባህላዊ መድኃኒቶች እንደማንኛውም መድኃኒት ይፈተሹ ወይስ ልምዱ ይበቃል? ስድብ ክልክል ነው።

ሄኖክ፦ የምኖረው ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ነው። አምና አየሩ ሲደርቅ ሳል እንቅልፍ ነሳኝ። አከራዬ፣ አሮጊት ናት፣ ፒር የሚባል ፍራፍሬ ይዛ መጣች። አናቱን እንደ ክዳን ቆረጠችው። ውስጡን በማንኪያ ፈልፍላ ስኳርና ቹዋንቤይ የሚሉትን ዱቄት ጨመረችበት። ቹዋንቤይ ሳይፈጭ ትንሽዬ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። ከዚያ ክዳኑን መልሳ በእንፋሎት አበሰለችው። «ሳንባ ያረጥባል» አለች። በላሁ፣ ተኛሁ። ምኑ ነው የሚፈተሸው?

ሲስተር ማርታ፦ እንኳን ተሻለህ። ግን የተሻለህ በዱቄቱ ነው፣ በትኩሱ ፒር ነው ወይስ ሳሉ ጊዜውን ጨርሶ? እኛም ቤት ማር በሎሚ ጉሮሮ ያለሰልሳል።

አቤል፦ ፈረንጅ ያልፈተነው ሁሉ ውሸት ሆነ በቃ? የወባውን ኮአርተም አስታውሱ እንጂ! ዘሩ ጪንግሃው የሚባል የቻይና ቅጠል ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል የተሸለመችው በሱ ነው።

ሲስተር ማርታ፦ አቤልዬ፣ በራስህ ላይ ጎል አገባህ። ቱ ዩዩ ቅጠል አፍልታ ጠጡ አላለችም። ጥንታዊ የቻይና የሕክምና መጽሐፍ ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፋችሁ ጨምቁ ይላል። አፍሉ አይልም። እሷ ይህን አይታ ሙቀት መድኃኒቱን ያበላሸው ይሆን ብላ ጠረጠረች። ንጥረ ነገሩን ሳታፈላ አወጣችው፣ በእንስሳት ሞከረችው፣ ራሷም ዋጠችው። መፈተሽ ማለት ይኸው ነው።

ደግሞ ማዶውሊንግ የሚባል የዕፅ ፍሬ አለ። በቻይና ለዘመናት ለሳል ይሰጥ ነበር። ውስጡ ያለው አሪስቶሎኪክ አሲድ ኩላሊት ይገድላል፣ ካንሰር ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ቻይና ራሷ ከመድኃኒት መዝገቧ አወጣችው። ልምድ የት ጋ እንደሚያታልል አያችሁ? ሳሉ ዛሬ ይቆማል። ኩላሊቱ የሚደክመው ከዓመታት በኋላ ነው። ሁለቱን ማን ያገናኛቸዋል?

አቤል፦ እሺ፣ እሱን አላውቅም ነበር። ግን የፋብሪካ መድኃኒትስ ስንቱ ተሽጦ ተሰበሰበ?

ሲስተር ማርታ፦ ብዙ። የተሰበሰበው ግን ጉዳቱን የሚመዘግብ ስላለ ነው።

እትዬ አልማዝ፦ ልጆች፣ ክርክራችሁን ላቋርጥ። ደረቅ ሳል ከያዘኝ ሦስት ወሬ ነው። ጎረቤቴ የቻይና ሽሮፕ ሰጠችኝ። የደም ግፊት አለብኝ። ልጠጣው?

ሲስተር ማርታ፦ እትዬ፣ ይቆዩ! ብዙዎቹ ውስጥ ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥር አለ፣ ሲበዛ ግፊት ይጨምራል። አንዳንዱ ደግሞ ማሁዋንግ የሚባል ዕፅ አለው፣ እሱም ግፊት ያወጣል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ደግሞ የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። የግፊት ኪኒንዎ ስሙ ማን ይላል? ራሱ ሳል የሚያመጣ አለ።

ሄኖክ፦ እኔ ፒሬን አልተውም።

ሲስተር ማርታ፦ ፒሩን ማን ከለከለህ? ዱቄቱን ከየት እንደምትገዛው ግን አሮጊቷን ጠይቃት።

እትዬ አልማዝ፦ መነጽሬን ፈልጌ ነው የቆየሁት። ኢናላፕሪል ይላል። ከጎኑ 10 ተጽፎበታል።

ሲስተር ማርታ፦ ሳሉ ከሱ ሊሆን ይችላል፣ እትዬ። በራስዎ እንዳያቋርጡት። ነገ ጠዋት እሱንም ሽሮፑንም ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ።