የሳይንስ ታሪክ ለልጆች፦ እንዴት ላቅርበው?

ቧንቧውሃ_ነኝ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ላይ ለልጆች እናነባለን። ከ9 እስከ 12 ዓመት ናቸው፣ አስራ አምስት ይሆናሉ። ተረት ሲሆን ትንፍሽ አይሉም። ባለፈው ግን ስለ ሳይንቲስቶች ጽፌ ሄድኩ፤ እገሌ በዚህ ዓመት ተወለደ፣ ይህን ፈለሰፈ፣ በዚህ ዓመት ሞተ እያልኩ ሦስተኛው ሰውዬ ላይ ስደርስ አንዱ ልጅ "ቆይ፣ ሁሉም ሞተዋል እንዴ?" አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለካ የለቅሶ ቤት ንባብ ነው ያነበብኩላቸው! ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)
አብሽሪ እህቴ። ዓመተ ምህረቱን ተዪውና ከእንቆቅልሹ ጀምሪ። እንዶድን ውሰጂ። በፈረንጆች 1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። አረፋው በሚወርድበት በኩል የሞተ ቀንድ አውጣ ከሌላው ቦታ ይበዛል። እዚህ ላይ ወረቀቱን እጠፊና "ማን ገደላቸው?" ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ቢልሃርዚያን ታመጫለሽ፤ ትሏ መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ካላደገች ሰው ላይ አትደርስም። ስለዚህ እንዶድ በሽታውን መንገድ ላይ ይቆርጠዋል ማለት ነው። ፍሬውን ይዘሽ ሂጂ፣ ግን አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት፣ መርዝ ነው።

ጡረተኛ_መምህር
የኒውተንን ፖም ራሱ ላይ አታውርዱበት ብቻ። ሲወድቅ ማየቱን በእርጅናው ተናግሯል፣ መታኝ ግን አላለም።

ቦርከና_ማዶ
ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ ይሳቁበት እንጂ!

ጡረተኛ_መምህር
ይሳቁ፣ በእውነቱ ይሳቁ። እኔ ብሆን የጥንቱን ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴነስን ነበር የምነግራቸው። የዛሬ 2,200 ዓመት ገደማ ግብጽ ውስጥ፣ ዛሬ አስዋን በምንለው ቦታ፣ ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ዕለት ቀትር ላይ ፀሐይ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ቁልቁል ትገባለች ሲባል ሰማ። እስክንድርያ ላይ ግን በዚያው ሰዓት ጥላ አለ። ጥላውን ለካ፤ ማዕዘኑ የክብ አንድ ሃምሳኛ ሆነ። የሁለቱን ከተሞች ርቀት በ50 አባዛና የምድርን ዙሪያ አገኘ። በቃ፣ በዘንግና በጥላ!
ደግሞ እኛም ጋ አለ እኮ። ሚያዝያ 11 አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላው ይጠፋል። ነሐሴ 18 ገደማ ይደገማል፣ ያኔ ግን የደሴን ደመና ማን ይገፍልናል? ዘንጉን በቱንቢ አስተካክሉት፣ ካጋደለ ወሬው ሁሉ ይበላሻል።

ቧንቧውሃ_ነኝ
እንዶዱን ዛሬ ሞከርኩት። አንዷ "አረፋው ነው የገደላቸው" ስትል ሌላው "አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ በሱ አጥባ መቼ ሞተች?" ብሎ ያዛት። መልሱን ሳልነግራቸው ሰዓት አለቀ፣ በር ላይም እየተጨቃጨቁ ነበር።
ጋሼ፣ ሚያዝያ 11ን ይዘነዋል። ቱንቢ የሚያውሰን ግንበኛ አለ እዚህ?