የሃዋይዋ ሃላዋ ሸለቆ መቼ ነው የተሰፈረችው? 600 ወይስ 1300?

ሀያት ከጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጓሮ የምንተክላት ጎደሬ ሃዋይ ዋና ምግብ እንደነበረች ካነበብኩ ወዲህ የእዚያን አገር የጥንት እርሻ እየተከታተልኩ ነው። ሞሎካይ ደሴት ላይ ያለችው ሃላዋ ሸለቆ በ600 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሰው ሰፍሮባታል ሲባል ኖሯል። በኋላ የተደረገው ልኬት ግን ከ1300 በኋላ ነው ይላል። ሁለቱም የተለኩት በካርቦን 14 ነው፣ ማለትም የጥንት ከሰል ዕድሜ በሚለካበት ዘዴ! የ700 ዓመት ልዩነት ከየት መጣ?

የድንጋይ ወዳጅ፦
ሀያት፣ ችግሩ ያለው ከሰሉ ላይ ነው። ካርቦን 14 የሚነግርሽ እንጨቱ የበቀለበትን ዘመን እንጂ የነደደበትን ቀን አይደለም። የዛፍ መሃል ከአየር ካርቦን መውሰድ ካቆመ ቆይቷል፤ በየዓመቱ የሚያድገው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነው። እናንተ ጋ 300 ዓመት የቆየ ዝግባ ተቆርጦ ዛሬ ማታ ቢነድ፣ የመሃሉ ከሰል እሳቱን በ300 ዓመት ያስረጀዋል። ድሮ ደግሞ ከሰሉ የምን ዛፍ እንደሆነ ሳይለይ ነበር ላብራቶሪ የሚገባው።

ሳምራዊት፦
ልክ ነው። አሁን መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ዛፉን ይለያሉ፣ ከዚያ ቀጭን ጭራሮ ወይም ኩኩይ የሚሉትን ፍሬ ቅርፊት ይመርጣሉ፤ የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው ነገር አያሳስትም። ጥቂት ሚሊግራም ይበቃል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከምሥራቅ ፖሊኔዥያ (ሃዋይ ካለችበት የፓስፊክ ደሴቶች ክልል) 1,434 ልኬቶችን አበጥሮ፣ ሃዋይ የተሰፈረችው በ1219 እና 1266 መካከል ነው አለ። በ2014 የወጣው ሌላው ግን ከ1000 እስከ 1100 ያደርገዋል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጥቂት ስለሚሆኑ ምድጃቸውን ቆፍሮ ማግኘት ከባድ ነው፣ ደኑ ሲለወጥ ግን ረግረግ ውስጥ የተቀበረው የአበባ ብናኝ ይናገራል።

ሀያት ከጅማ፦
እሺ ገባኝ፣ ተባረኩ። የጎደሬው እርከንስ? እሱም በከሰል ነው የሚለካው?

የድንጋይ ወዳጅ፦
አዎ፣ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ከድንጋይ ካቡ ሥር የተገኘ ከሰል የሚያረጋግጠው ካቡ ከዚያ በኋላ መሠራቱን ብቻ ነው፤ በማግስቱ ይሁን ከ200 ዓመት በኋላ አይናገርም። ከላይ ከተዳፋቱ ጎርፍ ያመጣው የቆየ ከሰልም ማሳው ውስጥ ይቀላቀላል። እርከኑ ደግሞ እየፈረሰ ይታደሳል። ስለዚህ ከካቡ ሥርም፣ በላዩ ከተከመረው ደለልም ናሙና ወስደው ዘመኑን ከሁለት ወገን ያጠቡታል። አንዲት ከሰል ይዞ «እርሻው በዚህ ዓመት ተጀመረ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ናሙናው ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ጠይቂው።