ካምፕ ሚዩር ለመውጣት የበረዶውን ነገር የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ሲያትል አካባቢ ተራራ የምትወጡ ካላችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ማውንት ሬኒየር ላይ ከፓራዳይስ ተነስቼ የተራራ ወጪዎች ማረፊያ የሆነው ካምፕ ሚዩር ደርሼ በዚያው ቀን መመለስ ነው ያሰብኩት። መነሻው 1,646 ሜትር፣ መድረሻው 3,105 ሜትር ነው። መንገድ ላይ እስካለው ፔብል ክሪክ ጅረት ድረስ ችግር የለብኝም። ፈተናው ከዚያ በላይ ያለው የበረዶ ሜዳ ነው። ጠዋት እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ እግር ይውጣል። ራስ ምታቱም አለ። ጓደኞቼ «የአዲስ አበባን ልጅ ከፍታ ምን ያደርገዋል?» ይሉኛል። ባሕር ጠረፍ ላይ ዓመታት ኖሬ የእንጦጦ ሳንባ ከየት ይምጣ!

ጫማ ላይ የሚጠለቀው ትንሹ የብረት ጥርስ ይበቃል ወይስ ክራምፖን (ረጃጅም ሹል ጥርስ ያለውን የበረዶ መርገጫ) ልከራይ? ስንት ሰዓት ብነሳ ይሻላል? ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ጉሙ ነው። ድንገት ሲወርድ ሰማዩም መሬቱም አንድ ነጭ ይሆናል። በግራም በቀኝም ደግሞ የተሰነጣጠቀ ግግር በረዶ አለ። ካርታውን ስልኬ ላይ አውርጃለሁ፤ ግን ብርድ ላይ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ኮምፓስ አጠቃቀም የሚያሳየኝ ሰው ይኖር ይሆን? አብሮኝ የሚወጣ ከተገኘማ ምሳው በእኔ ነው።