ጥቆማ፦ በመስታወት አሳልፎ የሚያይ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ከየት ልግዛ?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የልብስ ሱቄ ፊቱ ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው። ሌሊት ሰው በረንዳው ላይ ሲወጣ መብራት የሚያበራ የኢንፍራሬድ ሴንሰር ከውስጥ ልሰቅል አስቤያለሁ፤ ውጭ ብሰቅለው በማግስቱ እንደማላገኘው አውቃለሁና። በመስታወት አሳልፎ ያያል? ከየትስ ልግዛ?

ከባሕር ዳር፦ መናኸሪያው አካባቢ ያለው የእኔ ሱቅ አያሳፍርዎትም። የስድስት ዓመት ደንበኛቸው ነኝ፤ ባለቤቱ ያያል ካለ ያያል።

ከፍኖተ ሰላም፦ እኔም በሌላ ሱቅ እንዲሁ ተብዬ ገዝቼ ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ ብሰቅለው ውጭ ያለውን ዘበኛ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያይ ከረመ፤ ይባስ ብሎ የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ሰው በሌለበት ይጮኻል። ልመልስ ብሄድ «አንዴ ተገጥሟል» ብለው አሰናበቱኝ።

ከቡሬ፦ ያለ ደረሰኝ ምንም ዕቃ አትግዙ። እኔም በባትሪ ተቃጥያለሁ።

ከእንጅባራ፦ ሴንሰሩ የሚያየው የሚንቀሳቀስን ነው። ዘበኛው ተኝቶ እንደሆነስ ተጣርቷል?

ከዳንግላ፦ ሴንሰሩን ትተው ሌሊት የሚያይ ካሜራ ይግዙ።

ከሞጣ፦ ካሜራውም ከመስታወት ጀርባ ከተሰቀለ የራሱ መብራት መልሶ ያንጸባርቅበታል። ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ የሰው ገላ የሚለቀው፣ ኢንፍራሬድ የሚባለው የሙቀት ጨረር የሚበረታው በሞገድ ርዝመት 10 ማይክሮሜትር (አንዱ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ላይ ሲሆን፣ ሴንሰሩ የሚጠብቀውም ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ያለውን ነው፤ ተራ የመስኮት መስታወት ግን ይህን ጨረር ውጦ ያስቀረዋል። የሴንሰሩ ነጭ ጉልላት ከመስታወት ሳይሆን ከፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ የሚሠራው ስለዚሁ ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት በመስታወት ማለፉ አያታልልዎት፤ የእርሱ ጨረር 0.94 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ ያልፋል። ከውስጥ ሆኖ ውጭውን ይይልኝ ካሉ በሙቀት ሳይሆን በመስታወት በሚያልፍ የራዲዮ ሞገድ እንቅስቃሴን የሚለይ የማይክሮዌቭ ሴንሰር ይጠይቁ፤ ነገር ግን መንገደኛውን ሁሉ ስለሚይዝ ርቀቱ የሚቀነስ መሆኑን ያረጋግጡ። የትም ቢገዙ ባለሱቁ አብርቶ ከመስታወት መደርደሪያው ጀርባ ያስቀምጥልዎትና በፊቱ ይመላለሱበት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማይክሮዌቩ ዋጋ ስንት ይሆን?

ከባሕር ዳር፦ ሐተታው መልካም ነው፤ ሆኖም የእኔ ሱቅ የሚሸጠው ኦሪጅናሉን ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ኦሪጅናል መስታወትስ አላቸው?